በቧሂት አናት ወደ ጃናሞራ፦ ስለ ዳገቱ ተጠይቆ ስለ ቁልቁለቱ የተመለሰበት ክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄና ምላሾቹ የተደረደሩበትን ውይይት፣ የከፈቱት ጠያቂ የጎንደር ነዋሪ ናቸው። በጥር ወር የእህታቸው ልጅ በጃናሞራ ወረዳ፣ መካነ ብርሃን ላይ ትዳራለች፤ እርሳቸውም እናታቸውንና ሁለት ዘመዶቻቸውን በራሳቸው መኪና አሳፍረው፣ በደባርቅ በኩል በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያሉትን ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፈው፣ የቧሂትን ተራራ አናት ተሻግረው ወደ ጃናሞራ ለመውረድ አስበዋል። መኪናው ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው፣ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተር የተገጠመለት፣ ከኋላው ትይዩ አግዳሚ ያለው አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ደጋግመው እንደነዱት፣ ከደባርቅ በላይ ግን መሪ ይዘው እንደማያውቁ ገልጸዋል። አንድ ወዳጃቸው ፎር ዊል ያለው መኪና የያዘ ሰው በስሜን ተራሮች ላይ የሚያሳስበው ነገር የለም ብሎ ስላጽናናቸው፣ ይህ እውነት መሆኑን ከሚያውቅ ሰው መስማት ይፈልጋሉ። ጥያቄው ሲጠቃለል መኪናው ዳገቱን ይችለዋል ወይስ አይችለውም የሚል ነው። የተከተሉትን ምላሾች እንደ ቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ፤ ምርቃትና ሰላምታ ብቻ ያዘሉትን ግን አልፋቸዋለሁ።

ምላሽ 1 በእንኳን ደስ ያላችሁ ይጀምርና መልሱን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። እንደ ጸሐፊው አባባል እህልና ሰው የጫኑ አይሱዙዎች በኋላ ጎማ ብቻ እየተገፉ ያንን ተራራ ሲሻገሩ ስለሚውሉ፣ ላንድ ክሩዘር ለያዘ ሰው ጥያቄው ራሱ የሚነሣ አይደለም። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ያሳስታል። የጭነት መኪናው ሹፌር እያንዳንዱን ኩርባ ያውቀዋል፤ አጠገቡም መኪናው ገና ሳይቆም ታኮ ይዞ የሚዘል ረዳት አለው። ጠያቂው ሁለቱም የሏቸውም።

የምላሽ 2 ጸሐፊ በሞተር ሥራ ላይ የኖሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850፣ ጨነቅ 3,620፣ መንገዱ ቧሂትን የሚሻገርበት አናት ደግሞ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የተራራው ጫፍ ከዚያም በላይ 4,430 ሜትር ነው። በመንገዱ አናት ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ እያጣ ይሄዳል፤ ናፍታው ግን እንደ ወትሮው ስለሚረጭ የሚቃጠልበት አየር ያጥረውና ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ነዳጁን አብዝቶ የረገጠ ሰው ጭሱን እንጂ ጉልበቱን አይጨምርም። ስለዚህ ሞተሩ መንገጫገጭ ሳይጀምር አስቀድሞ ማርሽ መቀነስ፣ የአየር ማጣሪያውን ከመነሣት በፊት መቀየር፣ የራዲያተሩንም ክዳን መመርመር እንደሚገባ መክረዋል፤ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቃተው በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነውና።

ምላሽ 3 ይህን ሁሉ ማጋነን ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ጸሐፊው ሊማሊሞን በክረምትም በበጋም እንደወጣና እንደወረደ፣ ቧሂትም ከዚያ ሊብስ እንደማይችል በእርግጠኝነት ይናገራል። ምላሽ 4 ያርመዋል፤ እርማቱም ጨዋ ነው። ሊማሊሞ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ የሚወርደው መንገድ ነው፤ ጠያቂው የጠየቁት ግን ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ፣ በፓርኩ ውስጥ ስለሚወጣው ነው። በሊማሊሞ ደባርቅ የመንገዱ ጣራ ናት፤ በቧሂቱ መንገድ ደግሞ ወለሉ ናት፤ ከእርሷ በላይ ገና ከ1,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይቀራል። ሊማሊሞ ላይ የቆመ መኪና ብዙም ሳይቆይ ረዳት ያገኛል፤ ከጨነቅ በላይ የቆመ ግን ቀጣዩን መኪና ሲጠብቅ ሊያረፍድ ይችላል።

የሊማሊሞ ስም መነሣቱ ምላሽ 5ን ወደ ታሪክ ወሰደው። ጸሐፊው መንገዱን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እንደሠሩት፣ በደባርቅ አጠገብ፣ በወልቅፊት የመሸገው የጣሊያን ጦርም በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን እንደሰጠ፣ ጎንደርም ከሁለት ወር በኋላ በኅዳር ነፃ እንደወጣች ያወሳል። ደስ ብሎኝ አነበብሁት፤ አወያዩ ግን በትሕትና ወደ ጥያቄው እንመለስ ብሎ አሳሰበ።

ከምላሽ 6 እስከ 9 ያለው ስለ ፎር ዊሉ አሠራር የተደረገ ምልልስ ሲሆን፣ ጠያቂው ስለ ገዛ መኪናቸው የማያውቁት ነገር እንዳለ የታየው እዚህ ላይ ነው። ምላሽ 6 እንዲህ ዓይነቱ ላንድ ክሩዘር በመሐል ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችል ማርሽ፣ ስለሌለው ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ማስገባት እንደማይገባ ያስረዳል፤ በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ፣ ጎማው መንሸራተት በማይችልበት አስፋልት ላይ ጭነቱ ሁሉ በማርሹና በዘንጎቹ ላይ ያርፋል። ፎር ዊሉ የሚገባው ኮረኮንቹ ሲጀምር ነው፤ ዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ፣ ማለትም ኤል 4፣ የሚገባው ደግሞ መኪናው ፈጽሞ ቆሞ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያለው መቆለፊያ በእጅ መዞር አለበት። ጠያቂው በምላሽ 7 ተመልሰው የቀድሞው ባለቤት ሁሉም ነገር ከውስጥ ሆኖ በዘንግ እንደሚሠራ ነግሯቸው እንደነበር ይጽፋሉ። ምላሽ 8 ታዲያ በፊት ጎማው ፊት በርከክ ብለው እንዲያዩት ያዝዛቸዋል፦ በቸርኬው መሐል የጡጫ ያህል ክብ ነገር አለ፤ በላዩም ሁለት ጽሑፎች፣ አንዱ ፍሪ፣ ሌላው ሎክ የሚሉ፣ ተቀርጸዋል፤ ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ጽሑፉ በጭቃና በግራሶ ስለሚሸፈን በጨርቅ ጠርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀስቱ በሁለቱም ጎማዎች ሎክ ላይ ካልሆነ ውስጥ ያለው ዘንግ ቢጎተትም የፊት ጎማዎቹ አይገፉም። ምላሽ 9 የሁለቱን ጎን አለመመሳሰል በጭቃ መሐል ስለደረሰበት ሰው ያጫውታል፤ ትምህርቱ ግን ከምላሽ 8 አይበልጥም።

ምላሽ 10 ስለ ናፍታ ነው። ታንከሩ ጎንደር ላይ እንዲሞላ፣ ሰልፍ ሰለቸኝ ተብሎ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው እንዳይገዛ ይመክራል፤ መግዛት ግድ ከሆነ ጥቂቱን በንጹሕ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ በፀሐይ ትይዩ አቁሞ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ውሃ ከገባበት ከጠርሙሱ ሥር ጥርት ብሎ ይዘቅጣል፤ ናፍታው ከላይ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ በመካከላቸውም ቀጭን መስመር ይታያል። ከአናቱ በታች ባለ ዳገት ላይ የሚያንቀው ሞተር ብዙ ጊዜ ከፍታው ሳይሆን ይህ ውሃ ያነቀው ነው ይላል።

የጎማው ክርክር ከጠበቅሁት በላይ ጣዕም ነበረው። ምላሽ 11 ለአስፋልቱ 40 ፒ ኤስ አይ የተነፋ ጎማ ደባርቅ ላይ ወደ 30 ገደማ እንዲወርድ ይመክራል፤ ለስለስ ያለ ጎማ የሾለ ድንጋይ ሲያገኝ ይተጣጠፍለታል፤ የተወጠረው ይቀደዳል። በተጨማሪም ሁለት ስኮርታ፣ ለመጠባበቂያ ከመነዳሪና መንፊያ መያዝ እንደሚገባ፣ ከደባርቅ በላይ ጎሚስታ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ምላሽ 12 የተረሳ ነገር አለ በማለት የውጭው አየር እየሳሳ ሲሄድ በመለኪያው ላይ የሚነበበው የጎማ ግፊት እንደሚጨምር፣ ከጎንደር እስከ አናቱም ጭማሪው ከ2 እስከ 3 ፒ ኤስ አይ እንደሚደርስ ያሰላል፤ ስለዚህም ከአናቱ ላይ ትንሽ መተንፈስ ይሻላል ይላል። ምላሽ 13 ስሌቱን አይክድም፤ ነገር ግን የሙቀቱን ነገር ይጨምርበታል፦ አየሩ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የጎማው ግፊት በዚያው መጠን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀንስ፣ በጥር ጠዋት ቀዝቃዛውን ጎማ የሚለካ ሰው አንዱ ጭማሪ ሌላውን ቅናሽ አጣፍቶት ያገኘዋል። እንግዲህ መተንፈሱ አንድ ጊዜ፣ ደባርቅ ላይ፣ ይበቃል ማለት ነው። ምላሽ 12 አመስግኖ ተቀበለ፤ እንዲህ ያለ መተራረም በየመድረኩ አይገኝም።

ምላሽ 14ን የጻፉት በጡረታ ላይ ያሉ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ጠያቂውን በአክብሮት ከመረቁ በኋላ፣ እስካሁን የጻፈው ሰው ሁሉ ስለ መውጣት ሲነጋገር ስለ መውረድ ያነሣ አንድም ሰው አለመኖሩ እንደገረማቸው ይናገራሉ። ዳገት ያቃተው መኪና ይቆማል፤ ቁልቁለት ያቃተው አይቆምም። ከአናቱ ወደ ጭሮ ለባ በሚወርደው መንገድ ላይ ሹፌሩን በሕይወት የሚያኖረው ፎር ዊሉ ሳይሆን ሞተሩ በማርሽ መኪናውን መያዙ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ፣ መኪናውን አቁሞ ኤል 4 ማስገባት፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሣት፣ ከዚያ እግርን ከፍሪሲዮኑ ማራቅ ነው፤ መኪናው አሁንም ከፈጠነ ቆሞ አንደኛ ማስገባት ነው እንጂ በፍሬን ላይ ተንጠልጥሎ መቀጠል አይደለም።

ስለ ፍሬኑ የጻፉት ደግሞ ሁለት ዓይነት ጥፋትን ይለያል፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋልና እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ መኪናው ግን አይያዝም። ዘይቱ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ራሱ ልፍስፍስ ብሎ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ስለማያውቅ ከመነሣቱ በፊት በሙሉ ማስቀየር አለበት። አረጋገጡንም ያስተምራሉ፦ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መሄድ አይገባም፤ ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ፍጥነቱን ከሚፈለገው በታች ማውረድ፣ ከዚያ ፈጽሞ ለቅቆ ንፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ መኪናውን በማርሽ ማሰር፣ ከጎማው ሥር ታኮ መጣል ያስፈልጋል፤ በጋለው ብረት ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። በእርሳቸው ጊዜ ረዳታቸው የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን ሳይሸሽ መያዝ እስኪችል ድረስ ማንም ወደ መኪናው አይመለስም ነበር።

ምላሽ 15 ከዚህ በኋላ ባይመጣ ይሻል ነበር። ጸሐፊው ናፍታ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት መውረድን እንደ ብልሃት ያቀርባል፤ ፍሬኑ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ምንም እንደማይመጣና እርሱም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ እንደኖረ ይናገራል። ምላሽ 16 ቁጣ ነው፤ ሰውየው እስካሁን በሕይወት መኖሩ ዕድል እንጂ ችሎታ አለመሆኑን፣ እናቱን የሚያሳፍር ሰው እንዲህ ያለ ምክር ሲሰማ ዝም ማለት ወንጀል መሆኑን በከረሩ ቃላት ይገልጻል። የምላሽ 17 ጸሐፊ ምክንያቱን በረጋ መንፈስ ያቀርባሉ፦ በናፍታ መኪና ላይ የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀልለው የቫኩም ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ኃይል ነው፤ በዜሮ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ከጠፋ ጎማው መልሶ አያስነሣውም፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ምላሽ 15ን የጻፈው ሰው በምላሽ 18 መልስ ለመስጠት ተመልሶ ነበር፤ የሰጠው መልስ ግን ስለ ምላሽ 16 ጸሐፊ አስተዳደግ እንጂ ስለ ፓምፑ አልነበረም። አወያዩ ሁለቱንም አስጠንቅቆ ጽሑፉን አነሣው።

መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ በሚበቃበት ቦታ ሁለት መኪኖች ሲገናኙ ማን ወደ ኋላ ይመለስ የሚለውን ያነሣው ምላሽ 19 ነው። ዳገት ለሚወጣው ቅድሚያ ይሰጣል የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምላሽ 20 ግን ሙሉ ጭነት ይዞ የሚወርድ አይሱዙ ሲመጣ ትንሹ መኪና ቢወጣም ቢወርድም ቦታ የሚለቅቀው እርሱ እንደሆነ፣ በተራራው ላይ ያለው ልማድ ይህ እንደሆነ ይከራከራል። ምላሽ 21 የደንቡን ምክንያት ያስታውሳል፦ የሚወርደው ወደ ኋላ ሲመለስ ዳገት እየወጣ ስለሆነ ነዳጅ በለቀቀ ቁጥር መኪናው ይቆምለታል፤ የሚወጣው ግን ወደ ኋላ ሲመለስ ወደ ቁልቁል ስለሆነ መኪናው ራሱ ይስበዋል። ይህ ነጥብ ሳይቋጭ ቀርቷል፤ የእኔ አስተያየት ደንቡን ከምላሽ 21፣ ጥንቃቄውን ከምላሽ 20 መውሰድ ነው፤ የጫነ መኪና ተሳስቶም ቢሆን ከእርሱ ጋር ገደል አፋፍ ላይ መብት አይቆጠርም። ምላሽ 22 ደግሞ ተሳፋሪዎች በተራራው በኩል ባለው በር እንዲወርዱ፣ የሚመራው ሰው ሹፌሩ በመስኮት ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲቆም እንጂ ከመኪናው ኋላ ወይም በመኪናውና በገደሉ መሐል እንዳይቆም፣ ሣር ያበቀለው የመንገድ ጠርዝም ጠንካራ ይመስላልና ጎማ እንዳይጣልበት ይመክራል። በእያንዳንዱ ሥውር ኩርባ ላይ ጥሩምባ ይነፋ የሚለውም የእርሱ ነው።

ይህ ጥሩምባ ሌላ ነገር ቀሰቀሰ። ምላሽ 23 መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ የዋልያ መኖሪያ መሆኑን፣ ዋልያም ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ እንደሌለ ያስታውሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመንገድ ሥራው እንደነበር፣ ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 እንደሆነ፣ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ሲጠየቅ የኖረውም ለዚህ እንደሆነ ያብራራል። ጨነቅ አካባቢ ጥሩምባ መንፋት፣ ጭላዳዎቹ ፊት መኪና አቁሞ ፍርፋሪ መወርወር ነውር ነው ይላል። ምላሽ 24 ተቆጥቶ ይመልሳል፦ የጃናሞራ ሰው በምጥ የተያዘች ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ያንን ተራራ ሲወጣ ማንም አላዘነለትም፤ መንገዱ ለእርሱ መዝናኛ ሳይሆን ገበያው፣ ሐኪም ቤቱና ፍርድ ቤቱ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ለጠያቂው አልመለሱም። ምላሽ 25 ብቻ ነገሩን ወደ መሪው መለሰው፤ በአንድ ክር ውስጥ ንፉም አትንፉም የተባለ ሹፌር ምን ያድርግ ብሎ ከቀለደ በኋላ፣ መብራት አብርቶ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ኩርባውን መያዝ ጥሩምባውንም ግጭቱንም እንደሚያስቀር ይጽፋል።

ምላሽ 26 ከውጭ አገር የመጣ ነው። ጸሐፊው በደቡብ አፍሪካና በሌሶቶ መካከል ያለውን ሳኒ ፓስ እንዳለፈ፣ አናቱ 2,876 ሜትር እንደሆነ፣ ከደቡብ አፍሪካ በኩል ፎር ዊል የሌለው መኪና እንዲወጣ እንደማይፈቀድለት ይተርካል፤ በአገራችንም እንዲህ ያለ ቁጥጥር ቢኖር ይመኛል። የደባርቅ ልጅ ነኝ ያለ ሰው በምላሽ 27 ያ አናት ከእናቱ ጓሮ ብዙም እንደማይበልጥ ጽፎ አሳቀን።

ምላሽ 28 የጤና ባለሙያ ናቸው። ጎንደር የኖረ ሰው ለ2,130 ሜትር የለመደ ቢሆንም በአንድ ቀን ወደ እጥፍ የሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊያገኘው እንደሚችል፣ ዋናው መድኃኒትም ሳይዘገዩ መውረድ እንደሆነ ያስረዳሉ። መሻገሪያው በአናቱ ላይ የማያስቆይ መሆኑ ለእናትየው ይበጃል፤ ጨነቅ ላይ ማደር ግን አይመከርም። የደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ። ሹፌሩም ሰው ነው፤ ራሱን ካመመው ኩርባ ላይ ያለው ፍርድ ይቀንሳል የሚለውን ጨምረዋል፤ ይህን ሌላ ማንም አላነሣውም ነበር።

ምላሽ 29 ስለ ሰዓት ነው፤ አጭርና የማያከራክር ነው። ከጎንደር በዋዜማው ተነሥቶ ደባርቅ ማደር፣ የመንገዱን ሰላምም እዚያው ከአካባቢው ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ውርጩን ካቀለጠ በኋላ መነሣት፤ በጥር ፀሐይ የማያገኘው ኩርባ እስከ ረፋድ ድረስ በረዶ ሊይዝ ስለሚችል አለመቸኮል፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ሳይወርድ አናቱን ማለፍ፤ ከጨለማ በኋላም አለመንዳት።

በምላሽ 30 ጠያቂው ተመልሰው የደረሱበትን ነገሩን። መቆለፊያዎቹን አይተዋቸዋል፤ የግራው ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር መካኒኩ ፈትቶ አጥቦ ግራሶ ቀብቶ መልሶታል፤ ከፍሬኑ የወጣው ዘይት እንደ ቡና የጠቆረ ሆኖ ተገኝቷል። ዳገቱ እንደማያሳስባቸው፣ የምላሽ 14ን ቁልቁለት ካነበቡ በኋላ ግን ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን መሪውን መንገዱን ለሚያውቅ የጃናሞራ ሹፌር ለመስጠት፣ እርሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው ለማየት እንደወሰኑ ጻፉ። ምላሽ 31 ይህን ፍርሃት አለው፤ የራሱን መኪና ለሌላ ሰው አስነድቶ ሰርግ የሚገባ አጎት ምን ዓይነት አጎት እንደሆነም ጠየቀ። ጡረተኛው ሹፌር በምላሽ 32 ለዚህ አልመለሱም፤ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ኤል 4ን ሜዳ ላይ አስገብቶና አውጥቶ እንዲሞክር፣ ከኋላ የሚጫን ዕቃ ካለም ቁልቁለት ላይ ወደ ተሳፋሪ እንዳይንሸራተት በገመድ እንዲታሰር ብቻ አሳሰቡ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ምላሾች ስለ ወንበር ናቸው። ምላሽ 27ን የጻፈው የደባርቁ ልጅ በሙሽራው በኩል ለዚያው ሰርግ እንደተጠራ ገልጦ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ፤ እስከ አናቱ ታኮ ለመያዝም ፈቃደኛ ነው። ጠያቂው በምላሽ 34 ቦታ መኖሩን፣ ይኸውም በኋላው አግዳሚ ላይ ከቢራ ሳጥኖቹ ጋር መሆኑን፣ ሳጥኖቹን በገመድ የሚያስረው ግን እርሱ ራሱ እንደሚሆን መለሱለት።